ኦዴላ የተቀመጠችበት ቀን

ይሄ ነገር በእውነት የሆነ ነው።

አውቃለሁ... የምታውቁኝ ሰዎች ስሜን ገና ስታዩ "ቬርን ደግሞ ጀመረው" ብላችኋል። ንፋሱ የጎረቤቴን አጥር ከነላሞቹ ነቅሎ ማዶ መንደር አሳረፈው ያልኳችሁ ውሸት ነበር። አምናለሁ። በቅሎዬ ስብከት ላይ "አሜን" አለች ያልኩትም... እሺ፣ እሱም ትንሽ ተጋንኗል።

ይሄኛው ግን እውነት ነው። ውሸት ከሆነ እህቴ ኦዴላ ትሙት!

...ቆይ።

እሱን መሐላ መልሼ ወስጃለሁ። በሌላ ነገር ልማል። በፒካፕ መኪናዬ እምላለሁ።

ቀኑ የነሐሴ ቅዳሜ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት የምትበሳበት። ቦታው እዚሁ ዋዮሚንግ፣ ከድሮው የካርሞዲ ከብት እርባታ ጀርባ፣ ኮረብታው ላይ ያለው መቃብር ነው።

ማታ አይደለም። ጨረቃ የለም። ጉጉት የለም። ለመፍራት የሚመች አንድም ነገር አልነበረም።

እሱ ነው የሚያበሳጨኝ።

መጀመሪያ ስለ ኦዴላ ልንገራችሁ።

ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ቶሎ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከትምህርት ቤት የተባረርኩ ዕለት በመጥረጊያ ግቢውን ያዞረችኝም እሷው ናት።

ባሏ ሮስኮ ከሞተ ወዲህ እግሯ እረፍት አጣ። ቆማ ትበላለች። ቆማ ስልክ ታወራለች። ቴሌቪዥን እንኳ በር ላይ ቆማ፣ የመኪና ቁልፏን ይዛ ነው የምታየው።

"እቴ፣ ቁጭ በይ እንጂ!" ስላት፣

"ከተቀመጥኩ አልነሳም" ትለኛለች።

እረፍት ያጣ እግሯን ይዛ የገባችበት ጨዋታ ደግሞ ሳጥን ፍለጋ ነው። አንዱ ትንሽ ሳጥን ድልድይ ስር ወይ ዋሻ ውስጥ ወይ መቃብር ቦታ ይደብቅና ፍንጭ ይተዋል። ሳጥኑ ውስጥ በእጅ የተቀረጸ ማኅተም፣ ቀለምና ደብተር አለ። ያገኘው ሰው የሳጥኑን ማኅተም በራሱ ደብተር ላይ ይመታል። የራሱን ማኅተም ደግሞ በሳጥኑ ደብተር ላይ ይመታል። ከዚያ ሳጥኑን እንደነበረ ደብቆ ይሄዳል።

በቃ። ሽልማት የለው፣ ምን የለው። እብዶች ናቸው።

የራስ ማኅተም ለነሱ ስም ማለት ነው። የኦዴላ የምትሮጥ ጥንቸል ናት፤ ባለ እንጨት እጀታ፣ ራሷ የቀረጸቻት። የጨዋታው ሰዎች ሲያገኟት "ኦዴላ" አይሏትም። "ጥንቸሏ መጣች" ነው የሚሏት።

ታዲያ በዚያ በጋ ሐኪሙ ልቧ እንደደከመ ነገራት። "በሙቀት ዳገት እንዳትወጪ" አላት።

"እሺ ዶክተር" አለች።

በማግስቱ ዳገት ወጣች።

ተቆጣኋት፣ ሳቀችብኝ። ለመንኳት፣ ባሰባት። አንድ ቀን የሆነ ኮረብታ ላይ ተደፍታ ትገኛለች እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ የማውቃትን አንዲት ሙያ አወጣሁ። ማስደንገጥ! አንድ ጊዜ ክፉኛ ካስደነገጥኳት ይሄን ጨዋታ እርም ትላለች ብዬ ነው።

ልቡ የደከመን ሰው ለማዳን ማስደንገጥ ምን የሚሉት ብልሃት ነው ትሉኝ ይሆናል። ስምንተኛ ክፍል ላይ የተባረረ ሰው ናችሁ የምታናግሩት። አትጨቅጭቁኝ።

የላስቲክ እባብ ገዛሁ። ሆዱ ውስጥ ሞላ ያለው፣ ክዳን ሲከፈት ፊት ላይ የሚዘል። የምሳ ሳጥን ውስጥ ጠቅጥቄ የካርሞዲዎች መቃብር ሄድኩና ከብረት በሩ በስተግራ፣ የተሰበረ ሐውልት ጀርባ ቀበርኩት። ቤት ተመልሼ ፍንጩን ላጲስ ላይ በሴንጢ ቀረጽኩ። በሩ፣ ዛፉ፣ ወደ ግራ የሚያሳይ ቀስት። ካርድ ላይ መታሁት። ላኪ ሳልጽፍ የፖስታ ሳጥኗ ውስጥ ጣልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ደወለች።

"አንተ ቀልማዳ፣ ተነስ! አዲስ ሳጥን አለ።"

"ማን ደበቀው?"

"አይታወቅም። አቀራረጹ ግን ያሳፍራል። በጥርሱ ነው መሰለኝ የቀረጸው።"

ዋጥኩት።

ወጣን። ከኮረብታው ስር ያለው የካርሞዲዎች ቤት ጣሪያው ወርዷል። በረቱ ቆሟል፣ ከብት ግን የለም። ፒካፗን የመቃብሩ ብረት በር ላይ አቆምኩና ውስጥ ገባን።

ንፋስ አለ። እኛ ጋ ንፋስ መቼም ጠፍቶ አያውቅም። ጉልበት የሚደርሰው ደረቅ ሣር ይተኛል፣ ይነሳል... ይተኛል፣ ይነሳል። ፌንጣው ይንጫጫል።

ኦዴላ ካርዱን አውጥታ አየች።

"በስተቀኝ ነው" አለች።

"ምን?"

"ቀስቱ። ወደ ቀኝ።"

ከእጇ ነጥቄ አየሁት። እውነትም ወደ ቀኝ ነው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ማኅተም ሲታተም ይገለበጣል! ግራ የቀረጽከው ቀኝ ሆኖ ነው የሚወጣው። ሳጥን የሚፈልግ የሰባት ዓመት ልጅ እንኳ ይሄን ያውቃል። እኔ ሽማግሌው ረሳሁት።

"እ... ወደ ግራ እንሞክር እስቲ" አልኩ።

"ለምን?"

"እንዲሁ። ግራ ደስ ይላል።"

"እግዜር ይይልህ" አለችና ወደ ቀኝ ሄደች።

በሆዴ ሳቅሁ። ቀኝ ጥጉ ላይ ምንም የለም። አንድ ብቻውን የቆመ ድንጋይ ነው ያለው፤ ጽሑፉን ንፋስ በልቶት ስሙ አይነበብም። ትፈልግ፣ ትድከምና ትመለስ፣ አልኩ።

ከዚያ አንድ ነገር አየሁ።

ሣሩ ሁሉ ይተኛል፣ ይነሳል። በድንጋዩ ዙሪያ ያለው ሣር ግን... ቀጥ ብሎ ቆሟል።

አንዲት ዘለላ አትነቃነቅም።

ጎድጎድ ያለ ቦታ ስለሆነ ይሆናል አልኩ። ጎድጎድ ያለ ቦታ አልነበረም።

"አገኘሁት!" አለች ኦዴላ።

ክው አልኩ።

"ምኑን?"

"ሳጥኑን ነዋ! ምን ሆነሃል?"

እኔ እዚያ ምንም አልደበቅኩም።

ተጠጋሁ። በእጇ የያዘችው አሮጌ የትምባሆ ቆርቆሮ ነው። ዝገቱ ክዳኑን በልቶታል። ተቀበልኳት... መልሼ ልጥለው ነበር። ድንጋዩ እንቁላል ይጠብስ ነበር በዚያ ፀሐይ። ቆርቆሮው ግን ከጉድጓድ ውኃ የወጣ ያህል ቀዝቃዛ ነው።

ከፈተችው። ማኅተም አለ። ደብተር አለ። ቀለምም አለ፤ ጣቷን አስነካችው።

"እርጥብ ነው" አለች። "በዚህ ንፋስ ቀለም በሳምንት ይደርቃል። አሁን የተሞላ ነው።"

"ማን ሞላው?"

አልሰማችኝም። ደብተሩን ገልጣለች። ነጭ፣ ንጹሕ፣ አንድም ሰው ያልመታበት። ፊቷ በራ። ለነዚህ ሰዎች አንድን ሳጥን ቀድሞ ማግኘት እንደ ዘውድ ነው።

"የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ!" አለች። "ቬርን፣ ከኔ በፊት ማንም አላገኘውም!"

ጥንቸሏን በቆርቆሮው ደብተር ላይ መታች። የቆርቆሮውን ማኅተም በራሷ ደብተር ላይ መታች።

አየሁት። ወንበር ነው። ባዶ ወንበር።

ቆርቆሮውን ዘግታ ድንጋዩ ጀርባ መለሰችው። ከዚያ...

ከዚያ ኦዴላ ተቀመጠች።

የመቃብሩ ጠርዝ ላይ። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ። ቀስ ብላ።

ከሮስኮ ቀብር ወዲህ ተቀምጣ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

"ደከመሽ እንዴ?" አልኩ።

"አይ።"

"በቃ ተነሺ እንሂድ።"

"ዝም በል" አለች ሹክ ብላ።

"ለምን?"

"ሰው ያርፋል።"

"ማን ነው የሚያርፈው?"



ፌንጣው... መቼ እንደተወ አላውቅም፣ ብቻ ትቷል። ንፋሱ ባርኔጣዬን ሊወስድ ይታገላል። የኦዴላ ፀጉር ግን ግንባሯ ላይ እንደተኛ ነው። አንዲት ዘለላ...

"እቴ፣ ቀልዱን ተይው። የቀልድ ሰው እኔ ነኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ፈገግ አለች። የማታውቀው እንግዳ ቤቷ እንደመጣባት ሴት፣ በጨዋ ደንብ።

"እርስዎ ይሂዱ" አለችኝ።

ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ። እርስዎ የሚባል ሰው ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ። ማንም የለም።

እኔን ነው።

በሕይወቷ "አንተ ቀልማዳ" እንጂ ሌላ ብላኝ የማታውቅ ሴት!

እጇን ያዝኳት። እንደ ቆርቆሮው ቀዝቅዛለች። የደም ሥሯን ፈለግሁ... አለ። አንዴ ይመታል። ከዚያ ይቆያል። ይቆያል... ሌላ ይመታል።

ልቧ ነው! አልኩ። ስልኬን አወጣሁ፤ አገልግሎት የለም። እዚያ ኮረብታ ላይ መቼም ኖሮ አያውቅም። ብብቷ ስር ገብቼ ላነሳት ሞከርኩ። ኦዴላ ቀጭን ሴት ናት። የስንዴ ጆንያ በአንድ ትከሻ የምሸከም ሰው ነኝ።

ንቅንቅ አላለችም።

ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመርኩት። ይሄን ለማንም እንዳትነግሩ።

ኪኒኗን ፍለጋ ቦርሳዋን ዘረገፍኩ። ደብተር፣ ቋንጣ፣ ውኃ፣ መነጽር፣ ማኅተም...

ማኅተሙን ገልብጬ አየሁት።

ወንበር።

ጥንቸሏ የለችም።

አያችሁ፣ ሳጥን ፈላጊዎች የሚሠሩት አንድ ስህተት አለ። በችኮላ ማኅተም ይለዋወጥባቸዋል። የራሳቸውን ሳጥኑ ውስጥ ይተዉና የሳጥኑን ይዘው ይሄዳሉ። ከመቶ ማይል ተመልሶ የመጣ ሰው አውቃለሁ። ኦዴላ በዚህ ስህተት ሰው ስትስቅ ነው የኖረችው።

"ማኅተምሽን ትተሽዋል!" ብዬ ጮህኩባት። "ጥንቸሏን! እዚያ ውስጥ ትተሻታል!"

ሌላ ቀን ቢሆን ከመሬት ትፈናጠር ነበር።

"ትቆይ" አለች ቀስ ብላ። "ትረፍበት።"

ዓይኖቿ ሊከደኑ ነው።

ድንጋዩ ጀርባ ተንበረከክሁ። ቆርቆሮው የለም። አሁን፣ ዓይኔ እያየ፣ እዚህ ነው ያስገባችው! አፈሩን በጥፍሬ ቧጠጥሁ። እንደ ሲሚንቶ ደረቅ ነው። ሣሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እዚያ ቦታ ማንም ምንም ነክቶ አያውቅም።

"ኦዴላ፣ እንዳትተኚ!"

"እም..."

"ስድብ ስደቢኝ! የፈለግሽውን በይኝ!"

"እርስዎ መልካም ሰው ነዎት።"

እናቴን! ከዚህ የከፋ ነገር ተብዬ አላውቅም።

በድንጋዮቹ መሃል እንደ እብድ ዞርኩ። እያንዳንዱን ሐውልት ገለበጥኩ ማለት ይቻላል። የካርሞዲዎችን አያት፣ የካርሞዲዎችን ሕጻናት፣ ሁሉንም ይቅርታ እየጠየቅሁ። የለም። የቀረው በስተግራ ያለው የተሰበረ ሐውልት ብቻ ነው፣ የራሴ የምሳ ሳጥን ያለበት። እሱን ደግሞ ከኔ ሌላ ማንም አያውቀውም። አፈሩ እንደደለደልኩት ነው፣ የጫማዬ ምልክት እንኳ አልጠፋም።

ግን ሌላ የምከፍተው ነገር አልነበረኝም።

ቆፍሬ አወጣሁት። ክዳኑን ከፈትኩ።

እባቡ ፊቴ ላይ ዘለለ!

ራሴ ገዝቼ፣ ራሴ ቀብሬ፣ በራሴ እባብ እንደ ፍየል ጮህኩ። በቂጤ ወደቅሁ። በሌላ ቀን ቢሆን ይሄንን ብቻ ነበር የምነግራችሁ።

ተነስቼ ሳጥኑ ውስጥ አየሁ።

እባቡ የነበረበት ቦታ ላይ... ጥንቸሏ ተኝታለች።

ሆዷ ላይ ያለው ቀለም እርጥብ ነው።

አላሰብኩም። ይዤው የዞርኩትን የወንበሩን ማኅተም እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ወረወርኩት፣ ጥንቸሏን ያዝኩ፣ ክዳኑን ጠረቀምኩ፣ አፈሩን በእግሬ መለስኩበት። ወደ ኦዴላ ሮጥኩ። መዳፏን በግድ ከፍቼ ጥንቸሏን አስጨበጥኳት። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፍኩባት።

ምንም።

"እቴ..." አልኩ። "እባክሽ።"

ምንም።

ከዚያ ግንባሯ ላይ አንዲት የፀጉር ዘለላ... ነፈሰች።

"አንተ ቀልማዳ!" አለች። "ምን ታለቃቅሳለህ? ፊትህ ላይ ያለው አፈር ምንድን ነው?"

አቀፍኳት። ገፈተረችኝ።

"ልቀቀኝ ላብህ ይሸታል! ደግሞ ምን ገትሮን ነው እዚህ? ፀሐዩ ገደለኝ እኮ።" ብድግ አለች። ብድግ! እንደ ኮርማ! ቦርሳዋን መሬት ላይ ስታይ፣ "ማን ዘረገፈው?" ብላ ጮኸችብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጩኸት የለም።

በድንጋዩ ዙሪያ ያለው ሣር ይተኛል፣ ይነሳል። እንደ ማንኛውም ሣር።

እፎይ አልኩ።

በሩ ላይ ስንደርስ ግን ዘወር ብዬ አየሁ። ባላይ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ በስተግራ፣ በተሰበረው ሐውልት ዙሪያ ያለው ሣር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ክብ ነው፣ አንድ ሰው የሚቆምበትን ያህል።

ክቡ ተንቀሳቀሰ።

ሣሩ ዙሪያውን እየተወዛወዘ፣ ያ ዝም ያለ ክብ ቀስ እያለ በመቃብሮቹ መሃል መጣ። የደረሰበት ይቆማል። ያለፈው መልሶ ይወዛወዛል። ወደኛ ነው የሚመጣው።

"እቴ፣ ግቢ መኪና ውስጥ።"

"ምን አየህ?"

"ግቢ አልኩሽ!"

ድምፄ ውስጥ ምን እንደሰማች እንጃ፣ ሳትሰድበኝ ገባች። ሞተሩን አስነሳሁ። አቧራውን አስነስቼ በካርሞዲዎች በረት በኩል ቁልቁል ነዳሁ። በመስታወት ኋላዬን አላየሁም።

ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ ልቤ ትንሽ ተመለሰ።

ቲን... ቲን... ቲን...

"ምንድን ነው?" አለች ኦዴላ።

"ቀበቶ።"

ፒካፔ ከፊት ሦስት ሰው ታስቀምጣለች። ወንበር ላይ ክብደት ካረፈና ቀበቶ ካልታሰረ ትጮሃለች። መኖ ጆንያ ሳስቀምጥባት እንኳ ትጮህብኛለች።

ኦዴላ ቀበቶዋን አስራለች። እኔም አስሬያለሁ።

መብራቱን አየሁ። የሚበራው የመሃለኛው ነው።

"ቦርሳሽን አንሺው" አልኳት። ከመሃላችን ካለው ወንበር ላይ አንስታ እግሯ ስር አደረገችው።

ቲን... ቲን... ቲን...

ባዶውን ወንበር አየሁት። እሷም አየችው።  መስኮቱ ተከፍቶ ንፋሱ የኔንም የሷንም ፀጉር ያተራምሳል። መሃል ላይ ያለው የወንበሩ ጨርቅ ግን በመጠኑ... ጎድጎድ ያለ መሰለኝ። አሮጌ ወንበር ነው። አሮጌ ወንበር ይጎደጉዳል።

ብዙ ሄድን። ኦዴላ በሩን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ልክ እንደ ድሮዋ ታንኮራፋለች፤ ትንፋሿን እየሰማሁ ተጽናናሁ። ጩኸቱ ግን አላቆመም። ራሴን ሊያዞረኝ ሲል እጄን ሰድጄ የመሃለኛውን ቀበቶ አሰርኩት።

ቀጭ።

ዝም አለ።

እስከ ቤት ድረስ ዝም አለ።

ኦዴላ ደህና ናት። በማግስቱ ስለ ካርዱ ስናዘዝላት በእርጥብ ጨርቅ አንገቴን ጠበሰችኝ። እባቡ ራሴን እንዳስጮኸኝ ስነግራት ደግሞ ግድግዳ ይዛ ሳቀች፣ ቆማ። ሐኪሙ ልቧን ሲያዳምጥ ካለፈው ጊዜ ይሻላል አለ። መቃብር ቦታ ያለ ሳጥን ግን አትፈልግም አሁን። ድልድይ ስር ያሉት ይበቁኛል ትላለች። የፈለግሁት ሆነልኝ ማለት ነው።

እንግዲህ ይሄው ነው። ሁሉም እውነት ነው።

...

እሺ። በፒካፔ ምያለሁና ልናገር።

አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬበታለሁ። እናንተን እንዳላስፈራ ብዬ ነው። እኔም እንዳልፈራ።

ቀበቶውን ያሰርኩት እኔ ነኝ ያልኳችሁ... ውሸት ነው።

ኦዴላ ተኝታ ነበር።

የኔ እጆች ደግሞ ሁለቱም መሪው ላይ ነበሩ።